ዘመድ የሌለበት ሰርግ

እስቲ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ፤ አጭር ናት።

የሻረግ ሰርጓን ስሜን ተራሮች ፓርክ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ለማድረግ ያሰበችው ዘመድ እንዳይመጣ ብላ ነው። ዘመድ ከመጣ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሲቆጠር ደግሞ የእሷም የእጮኛዋ የፈንታሁንም የቅድመ አያታቸው አባት ወንድይራድ የሚባል አንድ ሰው መሆኑ ይወጣል። ይህን አክስቷ በጆሮዋ ከነገረቻት ወዲህ ልቧ ደንዝዟል። አላለቀሰችም፤ ለፈንታሁንም ትንፍሽ አላለችም። ቀሚስ ገዛች፣ መኪና ተከራየች።

አፋፉ ላይ ደርሰው ምስክር እንዲሆኗቸው የለመኗቸው ሽማግሌው የፓርክ ጠባቂ ግን ጠመንጃቸውን ተደግፈው፣ «ቆይ እንጂ! ዘር ሳትቆጥሩማ አልመሰክርም። በይ አንቺ ጀምሪ» አሏት።

አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን ጠራችና፣ «ከዚያ በላይ አላውቅም አባባ» አለች።

ፈንታሁን እንኳ እስከ ሰባት ቤት ያለውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወርድ ልጅ ነው። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ቅድመ አያቱን ጠራ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እኔም ከዚህ በላይ ጠፋብኝ አባባ» አለ።

«ወይ የዘንድሮ ልጆች! የዘር ስም ጠፍቶባችሁ ተራራ ትወጣላችሁ?» ብለው ሳቁ ሽማግሌው። «እስከ ቆጠራችሁት ድረስስ አልተገናኛችሁም፤ በሉ ቁሙ።»

ፈንታሁን እጇን ያዛት። የእሱም እጅ እንደ እሷ እጅ በድን ነበር።

አደራ ልጆቼ፣ ስታስታውሷቸው በክፉ አይሁን።