አጥሩ ጋ የሚቆመው ሰው

ባሏ ከሞተ ወዲህ ትርንጎ እንጅባራ ዳር ያለችውን ትንሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ብቻዋን ነው የምታሠራው። ግንዱን ራሷ ወደ መጋዙ ትገፋለች፤ የተሰነጠቀው ጣውላ ወድቆ እንዳይሰበርም በሚሽከረከረው መጋዝ ላይ ተንጠራርታ ከወዲያ ማዶ ትቀበለዋለች።

ሰሞኑን አንድ የማታውቀው ሰው አጥሩ ጋ እየቆመ ያያት ጀምሯል። ዓይኑ ከእጆቿ ላይ አይነቀልም። "መሰንጠቂያውን ሊነጥቀኝ ያሰፈሰፈው የባሌ ወንድም ነው የላከው" አለች በሆዷ። ከዚያ ወዲህ መጥረቢያዋን ከአጠገቧ አታርቅም።

አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ ሰውየውን ግቢዋ ውስጥ አገኘችው። ከመጋዙ ጠረጴዛ ጫፍ እስከ መሬት ድረስ አጣናዎች አጋድሞ በእግሩ እየገፋ ያስተካክላል። መጥረቢያዋን አነሳች።

"ማን ነው የላከህ? ተናገር!"

"ኧረ ማንም አልላከኝም፣ እህቴ። ጣውላው በዚህ ላይ ራሱ እየተንሸራተተ ይወርድልሻል። ከእንግዲህ መጋዙ ላይ አትንጠራሪ።"

"አንተን ምን አገባህ?"

"እኔም እንዳንቺ ብቻዬን ነበር የምሠራው" አለና ጋቢውን ገለጥ አደረገ። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች አልነበረም።