ጠያቂ

በዚያ ዘመን እግሩ የተሰበረ ሰው መጠገኛ ክፍል አንድ ሌሊት ያድርና ጠዋት በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ታማሚ መጠየቅ የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል።

የእጅ ኳስ ቡድን በረኛዋ ትርንጎ ግን የጉልበቷ ጅማት ሲበጠስ ሰውነቷ ጥገናውን አልቀበል አለ። ሐኪሙም፣ «እንደ ድሮ ሰው በራሱ ጊዜ እስኪድን መጠበቅ ነው» ብሎ አሰናበታት።

የቡድን ጓደኞቿ በመጀመሪያው ቀን «ነገ ልምምድ ላይ እንገናኝ!» የሚል መልእክት አዘነቡላት። በማግስቱ ስትቀር ምን ብለው እንደሚጽፉ ግራ ገባቸውና ዝም አሉ። ትርንጎ ግድግዳ ይዛ እየተንፏቀቀች ብቻዋን ከረመች። ጠያቂ ስለማይመጣ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቤት ወንበሯ አንድ ነበር፤ እሱንም ያበጠው እግሯ ያዘው። ቀኑን ሙሉ ድምፅ ሳታወጣ ስለምትውል፣ አንዳንዴ መናገር እንዳትረሳ ለራሷ ስሟን ትጠራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተከላካይዋ ረድኤት መጣች። በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«እስካሁን ያምሻል?»

«ያመኛል።»

ረድኤት ተመልሳ ልትወጣ ዞር ካለች በኋላ ቆም አለች።

«አክስቴን ጠይቄያት ነበር» አለች አፍራ። «ድሮ እንዲህ ሲሆን የሚባል ነገር ነበር አለችኝ። እግዜር… ይማርሽ።»

የትርንጎ ዓይን እንባ ሞላ። ታማሚው የሚመልሰው ነገር እንደሚኖር ገመተች፤ እሱን ግን ማንም አላስተማራትም።

«ድገሚልኝ እስቲ» አለቻት።