ነውረኛው ፊልም

በፊልሙ ላይ፣ የእሷ እናትና የእሱ አባት በመጋባታቸው በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት ወጣቶች ተፋቅረዋል። ሶፋው ላይ የተጋደመው ሰውዬ አፉን አጣመመ።

«ሌላ ታሪክ ጠፍቶ ነው? እፍረት የሌላቸው።»

«በደም እኮ አይገናኙም፣ አባዬ» አለች ልጁ።

«በአንድ ማዕድ አድገው? ሽማግሌ ቢልክስ ከየት ተነስተው የት ሊሄዱለት ነው? ከሳሎን ሳሎን?» ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ድንገት ሥራ እንደመጣባት ሁሉ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥግ ላይ ሹራብ የሚሠሩት የሚስቱ እናት ቀና ሳይሉ፣ «ያንተን ሽማግሌዎችማ፣ ነፍሱን ይማረውና አባትህ ቁርስ አብልቶ በዚሁ ቤት ጓሮ በር ሸኛቸው» አሉት። «ዞረው በፊት ለፊቱ በር ገቡና፣ ልጃችሁን ስጡን ብለው የለመኑት እኔንና ያንኑ አባትህን ነው።»