የዝምታ ልምምድ

የከተማዋ በሮች የሰው ቆዳ ቀለም እያዩ መከፈት ከጀመሩ ወዲህ፣ ጥቁር ልጅ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አያውቅም። ነገ ኤፍራታና ጥቁር ጓደኞቿ ይህን ለመቃወም የቤተ መጻሕፍቱ በር ፊት በዝምታ ሊቀመጡ ነው። እናቷ ዘርፌ ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጣ ታለማምዳታለች።

«ነጮቹ ቢሰድቡሽም ቢገፈትሩሽም እጅሽን እንዳታነሺ። አንዳችሁ እንኳ መልሶ ከመታ፣ ሁላችሁንም ለመደብደብ ሰበብ ያገኛሉ።»

ከዚያ ራሷ ሰደበቻት። ፀጉሯን ጎተተች፤ ቀዝቃዛ ውሃ አናቷ ላይ አፈሰሰችባት። ልጅቷ አልተነቃነቀችም።

ዘርፌ ፎጣ አምጥታ ፀጉሯን አደረቀችላት።

«እማዬ፣» አለች ኤፍራታ፣ «ነገ ሲመቱኝ አንቺ ነሽ ብዬ ላስብ? አንቺን እኮ መልሼ መምታት አልችልም።»

ዘርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አስቢ፣» አለቻት።