እሱ ያገኛት ወደብ

ቱሪስት የሚተራመስበትን ባሕር ዳርን ትቶ፣ ሊያገባት ያሰባትን እናኑን ማንም ወደማያውቃት አንዲት የጣና ወደብ ይዟት መጣ። እርግጥ እዚያው ተወልደው ያረጁት ዓሣ አጥማጆች ከቁጥር አልገቡም። ቀለበቱን በኪሱ ይዟል፤ ግን በቅድሚያ ሊያስተምራት ፈለገ።

"ይቺ ታንኳ ትባላለች፤ ከደንገል ነው የምትሠራው" አላት። "ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። እንዲህ ያለ ቦታ አልለመድሽም።"

እናኑ ዝም ብላ ሰማችው። በተዋወቁባቸው ስምንት ወራት ስለ ራሱ ያልነገራት ነገር የለም፤ አንቺስ የት ተወለድሽ ብሎ ግን ጠይቋት አያውቅም። ዝምታዋን አድናቆት አድርጎ ቆጠረውና ስለ ዓሣ ዓይነቶች ማብራራቱን ቀጠለ።

ይሄኔ መረብ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። መረቡን ጥለው መጡና እናኑን አቅፈው ደጋግመው ሳሟት።

"ምነው ልጄ፣ መምጣትሽን እንኳ ሳትነግሪን?" አሏት። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "በስልክ የነገርሽን ልጅ ይሄ ነው? ሽማግሌ ሊልክ ነው ያልሽን?"

እናኑ አየት አደረገችው።

"አይ አባዬ" አለች፤ "እሱ አስጎብኚዬ ነው።"