ያልተመዘገበው ኪሎ ሜትር

ውባለም ሸዋ ሮቢት ውስጥ አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ፔንሲዮን አላት። መኪና ለመግዛት ግን ለብቻዋ አቅም አልነበራትም። እንደሷ አቅም ያጠራቸው አራት ነጋዴዎች ተገኙና አምስት ሆነው አንዲት ደብል ጋቢና ፒካፕ ገዙ። ለእያንዳንዱ በወር ስድስት ቀን ደረሰው። ነዳጁን ባለተራው ይችላል፤ ጎማው፣ ዘይቱ፣ ሰርቪሱና የሾፌሩ ደመወዝ ግን ለአምስት እኩል ይካፈላል። ግቢዋ ሰፊ ስለሆነ መኪናዋ እዚያ ታድራለች ተባለና አስተዳደሩም ለውባለም ተሰጠ።

ሾፌሩ ረድዋን ይባላል። የማጀቴ ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ ካልጠየቁት አይናገርም። ጠዋት መኪናዋን ያወጣል፣ ማምሻውን ይመልሳል፣ የሄደበትን መዝገብ ላይ ይጽፋል።

ሲነጋገሩት ቀላል ነበር። ሥራው ሲጀመር ግን ሁሉም የሚፈልጓት በአንድ ቀን ሆነ። የማሾ ነጋዴው ሀጂ ኡበይድ በምርት ሰሞን ተራ ቀይሩልኝ ይላሉ። ኑርሃን ጨርቅ የምታወርድበት ቀን ከደሳለኝ የብረትና የቆርቆሮ ጭነት ጋር ይጋጫል። መኪናዋ አንዱን ማጀቴ አድርሳ ባዶዋን ስትመለስ ደግሞ የባዶው መንገድ በማን ይያዝ በሚል ይነታረካሉ። ሰርቪሱ ከታሰበው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጎማው ቶሎ ያልቃል።

በስድስተኛው ወር የዘርና የፀረ ተባይ ነጋዴው ኢዮብ የመኪናዋን ቆጣሪ ከጉዞ መዝገቡ ጋር አስተያየው። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ያልተጻፈ መንገድ ተገኘ።

«ረድዋን ነው» አለ ደሳለኝ ወዲያው። «ባዶዋን ነው የምትመለሰው እያለን ተሳፋሪ ይጭንባታል።»

ውባለም መዝገቡን አጠፈች። ከዚያ ውስጥ መቶ ዘጠናው የሷ ነበር። በሀጂ ኡበይድ ተራ፣ እሳቸው በማይፈልጓት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ አጣዬ ሄዳ ለክፍሎቿ ፍራሽ አምጥታበታለች። ነዳጁን ከኪሷ ሞላች። መዝገቡ ላይ ግን እንዳይጻፍ ረድዋንን «ይቺ በኔና ባንተ ትቅር፣ አደራ» ብላው ነበር።

«እሺ እትዬ» አለ፤ ለምን እንኳ አላላትም።

አሁን ስታስበው ያ እሺታው አስጠረጠራት። ለሷ እንዲህ በቀላሉ የደበቀ ሰው ለራሱ ስንቱን ይደብቃል? የቀረው ዘጠኝ መቶ ሃምሳ የሱ መሆን አለበት። ይህን ስታስብ የራሷ መቶ ዘጠና ቀለል አለላት።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳዋ ላይ ተሰበሰቡ። ፋኑ የሚነፍሰውም ሙቅ አየር ነበር። ረድዋንን አቁመው ነው የጠየቁት።

«ይህ ሁሉ መንገድ የት የተሄደ ነው?» አለው ኢዮብ።

«እኔ የሄድኩት በታዘዝኩበት ነው።»

ማን አዘዘህ ያለው ሰው አልነበረም። ውባለም በልቧ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

«ዝርዝሩ ምን ይረባናል?» አለ ደሳለኝ። «ጥፋቱ ያው ጥፋት ነው።»

«ፖሊስ ጋ መሄድ አያስፈልግም» አሉ ሀጂ ኡበይድ መቁጠሪያቸውን እያዩ። «የልጆች አባት ነው። ቁልፉን ያስረክብና በሰላም ይሂድ።»

ኑርሃን ወለሉን እያየች በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ረድዋን ወደ ውባለም አየት አደረገ። እሷ ውሃ የምታመጣ መስላ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲያ ለረድዋን ቁልፍ የሚሰጥ ጠፋ። አዲስ ሾፌር ተቀጠረ። የጋራዡ ሀሩን «ጂፒኤስ አስገጥሙላትና ተገላገሉ» ቢላቸው አምስቱም ወጪው አይቻልም አሉ።

ከወር በኋላ ውባለም ሽንኩርት ልትገዛ ወደ መጫኛው ስትሄድ ረድዋንን ጆንያ ተሸክሞ አይሱዙ ላይ ሲጭን አገኘችው። መንገድ ልትቀይር ስትል እሱ ቀድሞ አያት። ጆንያውን አውርዶ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት።

«እትዬ፣ የኋላው ጎማ ተቀየረ? አሳስቦኛል። እሱን ይዛችሁ ሩቅ መንገድ እንዳትወጡ።»

ውባለም ፊቷ ጋለ። «ያን ቀን ለምን ስሜን አልጠራህም?»

ረድዋን ጥያቄው የገረመው መሰለ። «አደራ ብለውኝ የለ?»

ሽንኩርቱን ሳትገዛ ተመለሰች። በማግስቱ ባለድርሻዎቹን ጠራች። ሊሰድቧት እንደሚችሉ፣ ስሟም እንደ ረድዋን ስም ገበያ እንደሚወጣ ታውቃለች። ሁሉም እስኪቀመጡ ጠብቃ ተነሣች።

«ከዚያ መንገድ ውስጥ መቶ ዘጠናው የኔ ነው» አለች። «እንዳይጽፈው አደራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው የኔን ገመና ሸፍኖ ነው የወጣው። አስተዳደሩን ተረከቡኝ፤ ቅጣቱንም እናንተ ፍረዱ።»

ጩኸት ጠበቀች። ማንም አልጮኸም። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

«የኔ» አሉ ሀጂ ኡበይድ፣ «ሦስት መቶ አሥር ይሆናል።»

ኑርሃን በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ሁለት መቶ አርባ» አለች።

ደሳለኝ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ «ሁለት መቶ ሰማንያ» አለ።

ኢዮብ እስክሪብቶውን አውጥቶ የሁሉንም ጻፈ። ማንም ሳይጠይቀው ከታች መቶ ሃያ ጨመረ። ደመረው። ደግሞ ደመረው።

ለረድዋን የተረፈ አንድም ኪሎ ሜትር አልነበረም።