ትንሿ ድመት ያወጣችው

የትናየት የአባቷን ትንሽዬ ድመት በነጠላ ጠቅልላ የእንስሳት ክሊኒክ ደረሰች። ድመቷን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ሰንብቶ፣ ዛሬ ጠዋት አንገቷን ማቅናት አቃታት።

«ምን አበላችኋት?» አለ ሐኪሙ።

«አባቴ ነው ከሳህኑ የሚያጎርሳት። ዛሬም በግድ አጉርሷታል። ከሞተችበት አይችለውም፣ ዶክተር!»

ድመቷ እንደገና አስመለሰች። ሐኪሙ ከትውከቱ ውስጥ ያልሟማ ሮዝ ክኒን አነሳ።

«እንኳን ወጣላት፤ አሁን ትድናለች። የማን መድኃኒት ነው?»

የትናየት ክኒኑን አወቀችው። በየጠዋቱ ከቁርሱ ጋር በእጇ የምትሰጠው የአባቷ የልብ መድኃኒት ነው። ለካ እሱ ሳይውጠው ለድመቷ ሲያጎርሳት ነበር። ወዲያው ቤት ደወለች።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፤ ደረቴን ብቻ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ድመቷስ፣ ተሻላት?»